አርባ አንድ ጣት አንድ አሸዋ ላይ

ሠላሳ ዓመት የዓሣ አጥማጅ ሚስት ሆኜ ኖሬ ባሌ የት እንደሚያጠምድ አላውቅም ብል ማን ያምነኛል? ግን እውነቴን ነው። በእኛ ወንዝ ዓሣ አጥማጅ ቦታውን አይናገርም። ለጓደኛው አይናገርም፣ ለወንድሙ አይናገርም፣ ለሚስቱማ ጨርሶ! አንዱ ጀልባውን ሞልቶ ሲመጣ «ከየት አገኘኸው?» ብትሉት «ከውሃ» ይላችኋል። አለቀ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀ ሰው ነውረኛ ነው። ማዶ ያሉትም ቢሆኑ ያው ናቸው። ወንዙ ሁለት መንግሥት ይለያል እንጂ አመል አይለይም።

የእኔው ባል ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ዳርቻው ላይ ሰው ሁሉ «ሣጥኑ» ነው የሚለው፤ ተቆልፎ የተቀመጠ ነዋ! ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ረፋድ ላይ ይመለሳል፣ ዓሣውን ጠረጴዛዬ ላይ ይዘረግፍና ጀልባውን ሊያጥብ ይሄዳል። «ምነው አንድ ነገር እንኳ ብታወራኝ?» ስለው «ዝም አይነቅዝም» ይለኛል። የሚናገረው መረቡ ተቀዶ የመጣ ቀን ብቻ ነው። «ይሄ አዞ!» ይላል ጥርሱን ነክሶ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ አዞ መረቡን ሲቀድበት ኖሯል። «አዞው አያረጅም እንዴ?» ብለው ያኮርፈኛል፤ እሱ ሲያኮርፍና ሲደሰት ደግሞ ልዩነቱን የምናውቅ እኔና ፈጣሪ ብቻ ነን።

እኔን «ቢላዋ» ይሉኛል። ለሥራዋ ነው የሚሉ አሉ፣ ለምላሷ ነው የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ጠርዙ በቆርቆሮ የታሸገ ጠረጴዛ፣ ሁለት ባልዲ፣ አንድ የውሃ ጎማ አለኝ። የወንዶቹን ዓሣ ሆዱን ቀድጄ፣ አጽድቼ፣ ለነጋዴ አስረክባለሁ። ሥራውን ያስተማረችኝ አማቴ ናት፤ ነፍሷን ይማርና። በመጀመሪያው ቀን አንጀቱን ሳላይ ባልዲ ውስጥ ልጥል ስል እጄን ያዘችኝ።

«እዪው እንጂ ልጄ» አለችኝ። «ሰው ይዋሻል፣ የዓሣ ሆድ አይዋሽም።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። በእኛ ቤት ግን የሚያወጣው ቢላዋ ነው። የባሌ አምባዛ ሆዱ ሲከፈት ሁልጊዜ ሽምብራ የሚያክሉ ጥቋቁር ቀንድ አውጣዎች ይወጣሉ። ከእኛ ዳርቻ የማንም ሌላ ሰው ዓሣ ውስጥ አይቼያቸው አላውቅም። የት እንደሚበቅሉ አላውቅም፣ ግን አንድ ቦታ ብቻ እንደሚገኙ አውቃለሁ።

ሌላም የማውቀው ነገር አለ። በሳምንት አንድ ቀን ድልድዩ ሥር ገበያ ይቆማል፤ ከሁለቱም አገር ሰው ይመጣል። ከእኔ ጎን የምትሸጥ የማዶ ሴት አለች። እኔ «ማዶዬ» እላታለሁ፤ እሷም እኔን «ማዶዬ» ትለኛለች፤ ከእሷ ወገን ሆና ስታየኝ ማዶ ያለሁት እኔ ነኛ! ባሏ «ጎርናናው» ይባላል፤ ሲያስነጥስ ከዚህ የሚሰማ ድምፅ ያለው ሰው ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አንዲት ገዢ «እዚሁ ክፈቺልኝ» ብላት ማዶዬ የባሏን አምባዛ አጠገቤ ቀደደችው። ጥቋቁር ቀንድ አውጣዎቹ ሣንቃው ላይ ተንከባለሉ። እኔ እሷን አየኋት፣ እሷ እኔን አየችኝ። ከዚያ ሆዳችንን ይዘን እስክናለቅስ ሳቅን። ገዢዋ ያበድን መሰላት።

ለማንም አልተነፈስንም። ሁለቱ ወንዶች እኮ በዓይን አይተያዩም! የእኔው «ያ ጯሂ ዓሣ ያስበረግጋል» ይለዋል፤ የእሷም የእኔን «ያ ድብቅ ሌባ ሳይሆን አይቀርም» ይለዋል። ለካ አንዱ በጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ውሃ ላይ ነው የኖሩት። ከነገርን ጦርነት ይነሳል ብለን ተውነው።

እንዲህ እያለን ነው እንግዲህ ኮሚቴው የመጣው።

ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው ወንዙ ላይ የጋራ የማጥመጃ ውሃ ይከለል ተባለ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ከዚህ በፊት የእኛ ሰው ትንሽ ወደዚያ ሲያልፍ የእነሱ ጠባቂ ያባርረዋል፣ የእነሱ ወደዚህ ሲያልፍ የእኛ ጠባቂ ጀልባውን ይይዝበታል። ከእኛ በኩል ክራቫት ያሠረ ሰብሳቢ መጣ፣ ከእነሱ በኩል አንድ ወፍራም ልዑክ፣ ከሁለቱ መሀል ደግሞ ኮምፒዩተር የያዘች ካርታ ሠሪ። ቀጭን፣ ፈገግታ የማይለያት ልጅ ናት። ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ደርድረው አጥማጆቹን አንድ በአንድ ጠሩ። ከእኛ ሃያ ሦስት፣ ከማዶ አሥራ ስምንት። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ «የት ነው የምታጠምደው? እዚህ ካርታ ላይ በጣትህ አሳየን።»

ወይ ጉድ! ይህን ጥያቄ ለእኛ ሰው!

ባሌ ከዚያ ሲወጣ ደረቱን ነፍቶ ነበር። ሁሉም ደረታቸውን ነፍተው ነበር። ምን እንዳሉ አልጠየቅሁም፤ ነውር ነዋ።

ሳምንት ቆይቶ ሰኞ ዕለት ረቂቅ ካርታው አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ባሌ ሄዶ አየውና ወደ ቤት መጣ። ምሳ አቀረብኩለት፣ አልበላም። «ምን ሆንክ?» አልኩት። «ምንም።» ራት አቀረብኩለት፣ አልበላም። መረቡን አውጥቶ፣ ያልተቀደደውን መረብ፣ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ዝም ብሎ ይዳብሰዋል። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ደነገጥኩ።

በማግስቱ ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ አዳራሹ ሄድኩ። ካርታ ሠሪዋ ብቻዋን ነበረች።

«እስቲ እቴ፣ ይሄን ነገር አስረጂኝ» አልኳት።

«ደስ ይለኛል እትዬ!» አለችና እየዘለለች መጣች። «አረንጓዴው የጋራ ማጥመጃ ነው። የሁለቱም አገር አጥማጆች የጠቆሙት ቦታ ማለት ነው። ቀዩ ደግሞ ማንም ያልጠቆመው ነው። ማንም ስለማያጠምድበት የዓሣ መራቢያ ሆኖ ይዘጋል። ሐሙስ ይፈረማል፤ ከተፈረመ በኋላ ለአሥር ዓመት አይነካም። ቀዩ ውስጥ የተገኘ ጀልባ ይወረሳል።»

ካርታውን አየሁት። ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። መሀል ላይ ብቻ አንድ አረንጓዴ ጠብታ አለች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«እዚህ ነዋ የምታጠምዱት! አርባ አንዱም ሰው እዚችው ላይ ነው የጠቆመው። ሰብሳቢያችን በሥራ ዘመኑ ሁለት አገር እንዲህ ሲስማማ አይቶ አያውቅም።»

ጠጋ ብዬ አየኋት። ራሰ በራው ናት! ወንዙ መሀል ያለች የአሸዋ ክምር፣ ውሃው ጉልበት የማያልፍባት፣ ከአልቅት በቀር ነፍስ ያለው ነገር የማይኖርባት። አርባ አንድ ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ ቦታቸውን ለመደበቅ ሲሉ ሁሉም ጣታቸውን ያችው አሸዋ ላይ አሳርፈዋል። ሳቄ መጣ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ልጅቷ ውሃ አመጣችልኝ።

ውሃውን ስጠጣ ነው ሳቁ የጠፋው። ሐሙስ ከተፈረመ ባሌ የሚሄድበት የለውም። እሱ ደግሞ ከዓሣ በቀር ሌላ ሥራ አይችልም፤ ሱቅ ባስቀምጠው እንኳ ለገዢ ዋጋ አይናገርም።

ቤት ገብቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ራሰ በራው ላይ ነው የምታጠምደው?»

«እ...» አለ።

«ከአልቅት ጋር?»

መረቡን ወደ ራሱ ሳበ።

«አንተ ሰው፣ ሄደህ እውነቱን ካልተናገርክ ቦታህ ይዘጋል!»

«አባቴ ሊሞት ሲል ነው ያሳየኝ» አለ መረቡን እያየ። «ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። እሱ ለእናቴ እንኳ አልነገራትም።»

«እናትህ ታውቅ ነበር!» አልኩት ጠረጴዛውን መትቼ። «ቀንድ አውጣውን ማን አሳየኝ መሰለህ?»

«የቱን ቀንድ አውጣ?»

ይኸው፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል! ሁሉንም ነገርኩት። የጎርናናውን ስም ስጠራ ግን ብድግ ብሎ ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋውም። የጠዋቱን መረብ ሳይጥል ሁለት ቀን ዋለ፣ አንድ ቃል ሳይናገረኝ። አጠፋሁ ይሆን አልኩ። እሱን በግድ ማናገር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ቦታውን እኔ እንዳልናገርለት አላውቀው፤ ማዶዬም አታውቀው። ከአፉ ካልወጣ ከየትም አይወጣም።

ሐሙስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የማዶዎቹም በጀልባ መጡ። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ይንቋቋል፣ ሰብሳቢው በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን ይቆረቁራል። ባሌ ከኋላ ጥግ ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ጎርናናው በሌላው ጥግ። አርባ አንዱም አንገታቸውን ደፍተዋል። አንዱ ከተናገረ ሌሎቹም ሊተነፍሱ ይችሉ ነበር፤ ማን ይጀምር?

«ተቃውሞ ያለው ካለ አሁን ይናገር» አለ ሰብሳቢው። «ከሌለ እንፈርማለን።»

ሰብሳቢው የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለ። ባሌን አየሁት፤ ባርኔጣውን እየጨመቀ ነው። አላስቻለኝም፣ ተነሳሁ።

«እኔ አለኝ።»

«እርስዎ አጥማጅ ነዎት?» አለ ልዑኩ።

«ዓሣ አጽጂ ነኝ። ባሌ የት እንደሚያጠምድ አላውቅም፣ ሄጄም አላውቅም። ዓሣው ምን እንደሚበላ ግን አውቃለሁ።» የፌስታሌን ቋጠሮ ፈታሁና ከሰኞው ዓሣ ያስቀረሁትን እፍኝ ሙሉ ቀንድ አውጣ ካርታው ላይ ዘረገፍኩት። «ራሰ በራው ላይ እነዚህን ካገኛችሁ እኔው ራሴ እፈርማለሁ።»

ከማዶዎቹ ረድፍ አንዲት ሴት ስትስቅ ተሰማ። ማዶዬ ናት። እሷም ተነስታ መጣች፣ ከቀሚሷ ኪስ መሀረብ አወጣች፣ ፈታችው። የራሷን እፍኝ አጠገቤ ዘረገፈችው። ያው ጥቁር፣ ያው መጠን።

«የእኔ ባል ዓሣም ይሄን ነው የሚበላው» አለች።

አዳራሹ ወደ ሣጥኑ ዞረ፣ ከዚያ ወደ ጎርናናው ዞረ። ሁለቱ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይን ተያዩ።

«መረቤን...» አለ ባሌ ቀስ ብሎ። «መረቤን የሚቀደው...»

«የእኔንስ!» አለ ጎርናናው፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። «አዞ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ጦር ገዝቻለሁ!» ለካ አንዱ ውሃ ውስጥ ትቶት የሄደውን መረብ ሌላው በጀልባው ሲቀድበት ኖሯል።

እኔ አሁን ጠብ ይነሳል ብዬ ማዶዬን እጇን ያዝኳት። ሰብሳቢውም ፈርቶ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ባሌ ተነሳ። እየተራመደ ወደ ካርታው መጣ፤ ሲያልፍ አላየኝም። ጣቱን ቀዩ ላይ፣ ከእኛ ዳርቻ ፊት ለፊት ካለችው ደሴት ጀርባ፣ ሸምበቆው ያለበት ጋ አሳረፈው።

«እዚህ ነው» አለ። «ከተሰነጠቀው ድንጋይ ሃያ ቀዘፋ። አሥራ ሁለት ክንድ ይጠልቃል። አባቴም እዚህ ነበር።»

ይህን ብሎ ቆመ። ፊቱ ተለዋውጧል። ያን ጊዜ አዘንኩለት፣ ኮራሁበትም። ከዚያ ጎርናናው መጣና ወፍራም ጣቱን ከባሌ ጣት አጠገብ፣ እዚያው ላይ ጣል አደረገ።

«አሥራ ሦስት ክንድ ነው» አለ። «እሱ አሥራ ሁለት የሚለው ገመዱ አጭር ሆኖ ነው።»

ከዚያ በኋላ ግድቡ ተሰበረ። አንዱ ተነስቶ «የእኔም ራሰ በራው አይደለም» አለ፤ ሌላው «ኧረ እኔም ዋሽቻለሁ» አለ። ወንዶቹ እየተጋፉ ካርታውን ከበቡት። ቦታው አንድ የሆነበት ሁሉ እየተያየ «አንተ ነህ እንዴ!» ይባባላል። ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ ግቢ የሚኖሩ፣ አሥራ አምስት ዓመት ተደባብቀው አንድ ማዕዘን ላይ ሲያጠምዱ እንደኖሩ ታወቀ። ካርታ ሠሪዋ ሁሉንም አጠፋችና እየሳቀች እንደገና ጀመረች። «መራቢያውስ?» ብላ ስትጠይቅ እኔና ማዶዬ መለስንላት። ዓሣው ሆዱ እንቁላል ይዞ የሚመጣበትን ጊዜ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? እንቁላል የሚይዝባቸውን ሁለት ወራት መላው ወንዝ እንዲያርፍ፣ በቀረው ጊዜ ሁለቱም አገር በጋራ እንዲያጠምድ ተስማማን። አሥር ሰዓት ላይ ተፈረመ። ካርታው ላይ ዓመቱን ሙሉ ዝግ የሆነ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ራሰ በራው። ዛሬ አልቅቶቹን ሁለት መንግሥት ይጠብቃቸዋል።

ወደ ቤት ስንሄድ ባሌ ከፊቴ ፊቴ ይራመዳል። ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እሱ ዝም። በር ላይ ስንደርስ አላስቻለኝም።

«ተቀይመኸኛል?» አልኩት።

ቁልፉን በር ውስጥ ከትቶ ቆመ። «አንድ ጊዜ» አለ፣ «ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ፣ የዚህን በር ቁመት የሚያክል አምባዛ ያዝኩ። ጀልባው ጫፍ ድረስ አወጣሁት። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ገመዱን በጥሶ ሄደ።»

«አልነገርከኝም!»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? የት ልትዪኝ ነው።» ቁልፉን አዞረ። «ብቻዬን ጀልባው ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ከዚያ መልሼ አለቀስኩ።» ይህን ብሎ ገባና ከሰኞ ጀምሮ ያልበላውን በላ።

የጋራው ውሃ ቅዳሜ ጠዋት ተከፈተ። እኔ እንደወትሮዬ ጠረጴዛዬ ጋ ቆሜ ከሁለት ሴቶች ጋር ዓሣ አጸዳለሁ። ደሴቷ ፊት ለፊታችን ናት፤ ከጀርባዋ ያለው አይታይም፣ ግን ውሃ ድምፅ ያመጣል። በመጀመሪያ የጎርናናው ጩኸት መጣ፤ «አጥብቀህ ያዘው! አጥብቀህ!» ይላል። ከዚያ የሌላ ሰው ድምፅ ተከተለ። ከፍ ያለ፣ ወጣት የመሰለ፣ በሳቅ የሚቆራረጥ ድምፅ ነው። «አየኸው? አየኸው ወይ? ጅራቱን አየኸው?» ይላል። ይጮኻል፣ ይስቃል፣ እንደገና ይጮኻል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ይተርከዋል፤ አያባራም።

«ማነው ይሄ ወሬኛ?» አልኳቸው ሴቶቹን።

አንዷ ቀና ብላ አየችኝ። የምቀልድ መስሏት ነበር።

«ባልሽ ነዋ» አለችኝ።

ቢላዋዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ውሃው ዳር ድረስ ሄጄ ቆምኩና ጨርሶ እስኪናገር ድረስ ሰማሁት።